ሞተሩ ተገጥሞ የተረፈችው ሮንዴላ የማን ናት?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንድ ወንድማችን ባለ አንድ ሲሊንደር፣ 125 ሲሲ፣ ባለ አራት ስትሮክ ሞተር ሳይክሉን ከፍቶ የፍሪሲዮን ሸራ ለወጠ። በዚያው የፍሪሲዮኑን ቤት፣ ማለትም ሸራዎቹ የሚደረደሩበትን ባልዲ መሰል ብረት፣ አውጥቶ አጠበው። መልሶ ገጠመ፣ ዳዶውን አሰረ። ሽፋኑን ሊዘጋ ሲል የፈታቸውን ዕቃዎች ያጠበበት ሳህን ውስጥ አንዲት ሮንዴላ ቁጭ ብላ አገኛት። ጎበዝ ነው፣ ለክቷታል፦ ቀዳዳዋ 20 ሚሜ፣ የውጪ ስፋቷ 36 ሚሜ፣ ውፍረቷ 2 ሚሜ። ቀዳዳዋ ልሙጥ ነው፣ ጥርስ የለውም። «ያለ እሷም ሁሉም ነገር ገጥሟል፣ ታስሯልም። ፋብሪካው ትርፍ አድርጎ ነው? ልዝጋው?» ይላል።

አትዝጋው ወንድሜ። መልሱ እሱ ነው፣ የቀረው ማብራሪያ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጣራ። ስትጀምር ሳህንህ ባዶ ነበር? እንዲህ የምልህ እኔ ራሴ አንዴ ግማሽ ቀን ሙሉ የአንዲት ሮንዴላ ቦታ ስፈልግ ውዬ፣ መጨረሻ ላይ ከሌላ ሞተር የተረፈች ሆና ስላገኘኋት ነው። ሳህኑን ሳላጥብ ነበር የጀመርኩት። ከዚያ ወዲህ ሳህኑን ሳልገለብጥ አንድ ብሎን አልፈታም። ያንተዋ ግን እንደዚያ አይመስለኝም። ልኳ ራሱ ይናገራል።

ግምቴን በቀጥታ ልንገርህ። ይህቺ ከፍሪሲዮኑ ቤት ጀርባ የምትገባዋ ሮንዴላ ናት። በካምቢዮው ዘንግ ላይ፣ በኩሽኔታውና በቤቱ መካከል ነው ቦታዋ። እንዴት እንደተረፈችም አይቼህ ያለሁ ያህል ልነግርህ እችላለሁ። ስትፈታ አላየሃትም፣ ምክንያቱም በዘይት ከቤቱ ጀርባ ተለጥፋ ነው የወጣችው። ዘይት ሁለት ልሙጥ ብረቶችን እንደ ማስቲሽ ይይዛል። ቤቱን ገልብጠህ ሳህኑ ላይ አስቀመጥከው፣ ቤንዚን አፈሰስክበት፣ ቤንዚኑ ዘይቱን ሲያጥበው ሮንዴላዋ ተላቀቀችና ከጥቁሩ ቤንዚን ስር ተኛች። ቤቱን አንስተህ አደረቅክ፣ ገጠምክ። እሷን ያየሃት ቤንዚኑን ስትደፋ ነው። ተሳሳትኩ?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። «ሁሉም ነገር ገጥሟል» ያልከው ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ስለሆነ።

ዘንጉ ላይ የሚገቡት ነገሮች አንዱ ከአንዱ ኋላ ተሰልፈው ነው የሚታሰሩት። ከውስጥ ወደ ውጪ ስትቆጥር መጀመሪያ የኩሽኔታው የውስጥ ቀለበት አለ። ቀጥሎ ሮንዴላ፣ ቀጥሎ ቤቱ የሚሽከረከርበት ቡሽንግ፣ ማለትም አጭር የብረት ቱቦ፣ በብዙ ሞተር ላይ ደግሞ ሌላ ሮንዴላ፣ ከዚያ እምብርቱ፣ ማለትም የብረት ሳህኖቹ በጥርስ የሚይዙት መሃለኛው ቁራጭ፣ ከዚያ መቆለፊያ ሮንዴላ፣ ከዚያ ዳዶ። ዳዶው ሲጠብቅ እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ አጣብቆ እንደ አንድ ብረት ያደርጋቸዋል።

ልብ በል፣ ቤቱን በሰልፉ ውስጥ አልቆጠርኩትም። ቤቱ አይታሰርም። ቡሽንጉ ላይ ተቀምጦ በነፃነት ይዞራል። የሚታሰር ቢሆንማ ፍሪሲዮን የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። ፍሪሲዮኑን ስትይዝ ቤቱ ከሞተሩ ጋር እየዞረ እምብርቱ መቆም መቻል አለበት። ይህ እንዲሆን ቡሽንጉ ከቤቱ መሃል በጣም በጥቂቱ እንዲረዝም ተደርጎ ይሰራል። ለምሳሌ ቡሽንጉ 25 ሚሜ ቢሆን የቤቱ መሃል 24.8 ሚሜ ይሆናል እንበል። ያቺ የ0.2 ሚሜ ልዩነት የቤቱ መተንፈሻ ናት። ዳዶውን እስኪበቃህ ብታጠብቀው ቤቱ አይታነቅም፣ ጫናውን የሚሸከመው ቡሽንጉ ነው።

ታዲያ ቤቱ ወደ ውስጥና ወደ ውጪ እንዳይንሸራተት ምን ይይዘዋል? ሮንዴላዎቹ። ግራና ቀኝ ያሉ ግድግዳዎች ናቸው። የውጪ ስፋቷ 36 ሚሜ የሆነው ለዚህ ነው። ቡሽንጉን ብቻ ለመደገፍ ቢሆን ያን ያህል መስፋት አያስፈልጋትም ነበር። የቤቱን መሃል ጠርዝ ለመያዝ ከቡሽንጉ አልፋ መውጣት አለባት። የሮንዴላዋ ልክ ስራዋን ይነግርሃል ያልኩህ ይህንን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በክራንክ ሻፍቱ፣ ማለትም ፒስተኑ በሚያዞረው ዘንግ፣ ጫፍ ያለውን ትንሹን ማርሽና የቤቱን ትልቁን ማርሽ ጥርስ እያቸው። ጥርሶቹ ሰያፍ ከሆኑ፣ ሞተሩ በሰራ ቁጥር ትልቁን ማርሽ ወደ አንድ ጎን ይገፉታል። ነዳጅ ስትሰጥ ወደ አንዱ፣ ነዳጅ ለቀህ ሞተሩ ሲይዝህ ወደ ሌላው። በብዙ 125 ሲሲ ሞተሮች ላይ የክራንኩ ማርሽ 18 ጥርስ፣ የቤቱ 73 ጥርስ አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ክራንኩ 4 ጊዜ ያህል ሲዞር ቤቱ አንዴ ይዞራል፣ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይበዛል። ያ ሁሉ የጎን ግፊት የሚያርፈው ሮንዴላ ላይ ነው። ጥርሱ ቀጥ ያለ ከሆነ የጎን ግፊቱ የለም፣ ግን ቤቱ አሁንም ግድግዳ ይፈልጋል።

እንግዲህ ያንተ ሰልፍ 2 ሚሜ ጎድሎታል። ዳዶው ይህን አይነግርህም። ለእሱ ክር ተርፎታል፣ ሁለት ሚሜ ወደ ውስጥ ገብቶ ይታሰራል፣ መፍቻህም ልክ እንደወትሮው ይከብዳል። ግን ሁሉም ነገር 2 ሚሜ ወደ ውስጥ ገብቷል። ትልቁ ማርሽ ከትንሹ ጋር ፊት ለፊት አልተገናኘም፣ በከፊል ነው የሚነካካው። የቤቱ ጀርባ ከኩሽኔታው የውጪ ቀለበት ወይም ከሞተሩ አካል ጋር ለመፋተግ ቀርቧል። የፍሪሲዮኑ መግፊያም ከሽፋኑ በኩል ሲመጣ የሚገፋውን ነገር 2 ሚሜ ርቆ ያገኘዋል። እንዲህ የተዘጋ ሞተር ላይ ገመዱን እስከ መጨረሻው ብታስተካክል በእጅ የምትስበው የፍሪሲዮን ማንሻ አሁንም ላላ ይላል። ሰውየው ገመድ ይለውጣል፣ አዲሱም ያው። ከዚያ ሸራውን ይጠረጥራል።

ይሄ የደረሰበትን ሞተር ከፍቼ አይቻለሁ። ሌላ ቦታ የተገጠመ ነበር፣ ማን እንደሆነ ምን ያደርግልናል። ከአሉሚኒየሙ ግድግዳ ላይ የቤቱ ጀርባ ክብ ቦይ ቆፍሮበታል፣ ጥፍሬ ይገባበታል። ዘይቱ ደግሞ የብር ቀለም የተቀየጠበት ይመስል ነበር። ባለቤቱ የሚያማርረው «ማርሽ ሳስገባ ይጮህብኛል» ብሎ ብቻ ነው።

አሁን ግምቴን አትመን፣ ራስህ አረጋግጥ። ሮንዴላዋን በቤንዚን አጥበህ አድርቃት። መስኮት አጠገብ ሂድና ብርሃኑ ከጎን እንዲመታት አድርገህ ያዛት። ከላይ በሚመጣ ብርሃን ምንም አይታይህም። ሁለቱንም ፊቷን እያገላበጥክ ተመልከት። የቤቱ ጀርባ ሮንዴላ ከሆነች አንዱ ፊቷ ላይ ቀዳዳዋን ተከትሎ ጠበብ ያለ ቀለበት ታያለህ፣ ዝም ብሎ ተጭኖ የቆየ ብረት የሚተወው አይነት ደብዘዝ ያለ አሻራ። እሱ የኩሽኔታው የውስጥ ቀለበት የተቀመጠበት ነው። ሌላኛውን ፊቷን ስታይ ሁለት ቀለበት ይሆናል። ወደ ቀዳዳው ያለው የቡሽንጉ አሻራ ነው፣ እሱም ደብዛዛ ነው። ወደ ጠርዙ ያለው ግን የተወለወለ ነው፣ ክብ ክብ ጭረት ሊኖረው ይችላል። እሱ ቤቱ የተፋተገበት ነው። ይህን ካየህ ነገሩ አለቀ፣ የትኛው ፊቷ ወደ ውስጥ እንደነበረም በዚያው አወቅህ።

አንዱ ፊቷ ላይ የጥርስ ቅርጽ ያለው አሻራ ካለ ግን ነገሩ ይለያል። ያ የእምብርቱ አሻራ ነው። የእምብርቱ መሃል በጥርስ ነው ዘንጉን የሚይዘው፣ ጫፉ የተቀመጠበትን ነገር ላይ ያንኑ ቅርጽ ይተዋል። እንዲያ ከሆነ ሮንዴላህ ከቤቱ ፊት ናት፣ በቤቱና በእምብርቱ መካከል። የዚህኛዋ መጉደል ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። እምብርቱ ቤቱን ገጭቶ ይይዘዋል። ፍሪሲዮኑን ይዘህም ሞተር ሳይክሉ ወደፊት ይሳብሃል፣ ፎሌ ማግኘት ፈተና ይሆናል።

ሁለት የሚመሳሰሉ ሮንዴላዎች ያሉት ሞተር ላይ ደግሞ መቀያየር ይመጣል። ቀዳዳቸው እኩል፣ ውፍረታቸው የተለያየ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ያንተ ሞተር ላይ ከቤቱ ፊት አንዲት ሮንዴላ አስገብተህ ከሆነ እሷንም አውጥተህ ለካት። በአንደኛዋ ቦታ ሌላዋን አስገብተህ ሊሆን ይችላል። ይሄ ከሚታሰበው በላይ ያጋጥማል።

ከዚያ ዘንጉን ለካ። ልሙጥ ቀዳዳ 20 ሚሜ ያላት ሮንዴላ 20 ሚሜ ዘንግ ላይ ሳትንጠለጠል፣ ሳትጨናነቅም ትገባለች። ገብታ በጣት ብትነቀንቃት ወዲያ ወዲህ የምትወዛወዝ ከሆነ ቦታዋ አይደለም። ቀዳዳዋ ጥርስ ያለው ቢሆን ኖሮ ቦታዋ ጥርሱ ላይ ነው፣ ሌላ አያስፈልግም ነበር።

ተራ ሮንዴላ ልትሆን እንደማትችልስ በምን አውቃለሁ ካልክ፣ ጠርዟን ዳብሳት። ከቆርቆሮ በፕሬስ የተቆረጠች ተራ ሮንዴላ በአንድ በኩል ጠርዟ ክብ ይላል፣ በሌላው በኩል ሹል ነው። የግፊት ሮንዴላ፣ ማለትም እንዳንተዋ የጎን ግፊት የምትሸከመው፣ ግን ሁለቱም ፊቷ በማሽን ተሞርዶ የተስተካከለ ነው። መስታወት ላይ አስቀምጠህ በጣትህ ዳር ዳሯን ብትጫናት አትነቃነቅም። ጠንካራም ናት፣ የውጪ ጠርዟን በሞረድ ብትነካው ሞረዱ ይንሸራተታል እንጂ አይነክስም። ፊቷን ግን በሞረድ እንዳትነካ፣ በጠርዟ ብቻ።

በፓርት ካታሎግ ማረጋገጥ ከሁሉም ይሻላል። የሞዴሉን የፍሪሲዮን ገጽ አውጣ። ዕቃዎቹ በአገባባቸው ቅደም ተከተል ነው የሚሳሉት፣ እያንዳንዱ ቁጥርና ብዛት አለው። አንዳንድ ካታሎግ የሮንዴላውን ልክ በስሙ ጎን ይጽፈዋል። 20 በ36 በ2 የሚል ካገኘህ ጨረስክ። ልክ ሞዴልህን ግን እይ፣ አንድ አይነት የሚመስሉ ሞተሮች ዓመቱ ሲለይ ሮንዴላቸው ይለያል።

ሌላ ከየት ልትመጣ ትችላለች? አንድ ቦታ አለ፣ አትናቀው። ሽፋኑን ስትስብ የማስነሻ ፔዳሉ ዘንግ ጫፍ ላይ ያለች ሮንዴላ ከሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ጋር ተለጥፋ ትወጣና ኋላ ትወድቃለች። የፔዳሉን ዘንግ ስላልፈታህ ከዚያ አልመጣችም አትበል። እሷ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ2 ሚሜ ትሳሳለች። የፔዳሉን ዘንግ ጫፍ ከሽፋኑ ቀዳዳ ጋር አስተያይ፣ እዚያ አሻራ ይኖራል።

ከመጣሁ አይቀር፣ በዚህ በኩል ከሚተርፉት ሌሎች ዕቃዎች ጥቂቶቹን ልጥቀስ፣ ነገ ሌላ ሰው ይጠይቃልና። ትንሽ የብረት ኳስ ከተረፈ በዘንጉ ባዶ መሃል ከመግፊያው ዘንግ ጋር የሚገባ ነው። ግማሽ ጨረቃ የሚመስል ቁራጭ ከክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ነው፣ ማርሹን ከዘንጉ ጋር የሚያስተሳስር። ሰፊ፣ ቀጭን፣ ትንሽ ጎበጥ ያለ ቀለበት ከሆነ ፍሪሲዮኑ ሲይዝ እንዳይንቀጠቀጥ ከሸራዎቹ መጨረሻ የሚገባ ሞላ ነው፣ ከአጠገቡ ጠፍጣፋ ጓደኛም አለው፣ የውስጥ ቀዳዳው ከሌሎቹ የሚሰፋ አንድ ሸራም ይኖራል። ሁለት ባዶ ቱቦ የሚመስሉ ፒኖች የሽፋኑ አቅጣጫ መያዣ ናቸው። የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ሮንዴላ ከሽፋኑ ብሎኖች አንዱ ስር ናት፣ ዘይት በክሩ በኩል እንዳይወጣ። በካቴና የሚሰሩት የድሮ ሞተሮች ደግሞ የራሳቸው ታሪክ አላቸው። የድሮዎቹ መንታ ሲሊንደር ትራያምፎች ፍሪሲዮን መሃል 20 ትንንሽ ሮለር አለ፣ 19 ቆጥረህ ብትገጥም ማን ያውቅብሃል። በካቴና በሚሰሩት ላይ የስፔሰር፣ ማለትም የማራራቂያ ቀለበት፣ መጉደል የሚታወቀው ካቴናው በሚዞርባቸው ሁለት ጥርሳም ማርሾች ፊት ላይ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ስታስደግፍ ነው። ማስመሪያው ሁለቱንም እኩል ካልነካ ካቴናው ጠምዞ ይሄዳል።

ወደ ያንተ ልመለስ። አሁን ሳትፈታ በፊት አንድ ነገር አድርግ፣ ለራስህም ትምህርት ይሆንሃል። ትንሹንና ትልቁን ማርሽ ከጎን እያቸው። የትንሹ ማርሽ ጥርስ ላይ ለዓመታት የተወለወለ ገጽ አለ። ትልቁ ማርሽ አሁን የቆመው በዚያ ገጽ ልክ ነው ወይስ ወደ ውስጥ አልፎታል? ወደ ውስጥ አልፎት በውጪ በኩል የተወለወለ ጥርስ ባዶውን ከቀረ፣ ሮንዴላዋ ጀርባ እንደነበረች ማርሹ ራሱ መሰከረ።

ከዚያ ፍታው። ዳዶውን ስትፈታም ስታስርም ማርሾቹ መካከል ካቻቢቴ እንዳትሸነቅር፣ ጥርስ ይሰብራል። የእምብርቱን መያዣ መሳሪያ ተጠቀም። ቤቱን አውጥተህ የጀርባውን ገጽና የሞተሩን ግድግዳ ፈትሽ፣ አዲስ ጭረት ካለ በእጅ አዙረህ ሳለ ነክቶ ሊሆን ይችላል። ሞተሩን አላስነሳኸውም ብዬ ነው የማስበው።

ስትመልስ ሮንዴላዋን ቤቱ ላይ አትለጥፋት። መጀመሪያ ዘንጉ ላይ አስገባት፣ በጣትህ እስከ ኩሽኔታው ግፋት፣ በንጹህ የሞተር ዘይት አርሳት። ቀዳዳዋ በአንድ በኩል ጠርዙ ሰፋ ብሎ የተቆረጠ ከሆነ ያ ጎን ዘንጉ ላይ ካለው እርከን ጋር እንዲስማማ ነውና ወደዚያ አዙራት። ልዩነት ከሌለው አሻራዋን ተከተል። ቡሽንጉን ዘይት ቀብተህ አስገባ፣ ከዚያ ቤቱን። ቤቱ ሲገባ ማርሾቹ እንዲገናኙ ክራንኩን በጥቂቱ ማነቃነቅ ሊያስፈልግ ይችላል፣ አትግፋው።

አሁን ሸራዎቹን ሳታስገባ እምብርቱን፣ መቆለፊያ ሮንዴላውንና ዳዶውን ብቻ ግጠም። መቆለፊያው ጎበጥ ያለ አይነት ከሆነ ወደ ውጪ የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ የታተመበት ፊቱን ወደ አንተ አድርግ። ዳዶውን በማኑዋሉ ልክ እሰር። ካምቢዮውን ፎሌ አድርግና እምብርቱን በጣትህ አዙር። ቤቱ ቆሞ እምብርቱ ብቻውን መዞር አለበት፣ ምንም ሳይጨናነቅ። ቀጥሎ ቤቱን በሁለት እጅህ ይዘህ ወደ አንተ ሳበው፣ መልሰህ ግፋው። ትንሽ፣ ከምታየው ይልቅ የምትሰማው ያህል ቅንጣት መነቃነቅ አለው፣ ጠቅ ጠቅ ይላል። በጣም የሚንሸራተት ከሆነ አንድ ነገር ጎድሏል። ጭራሽ የማይነቃነቅ ከሆነ ደግሞ ትርፍ አስገብተሃል ወይም ቡሽንጉ በሰልፉ ውስጥ የለም። ይህን ፈተና ሳታልፍ ሸራ አታስገባ።

ካለፈ ዳዶውን ፍታና ሸራዎቹን በየሞዴሉ አገባብ ግጠማቸው፣ አንዳንዱ ሞተር ላይ ዳዶውን ሳትፈታ ከላይ ይገባሉ። አዲስ ሸራ ዘይት ውስጥ ነክረህ ነው የምታስገባው፣ ደረቁን አይደለም። ከዘጋህ በኋላ የማንሻውን ጫፍ ነፃ እንቅስቃሴ አስተካክል፣ በአብዛኛው ከ10 እስከ 20 ሚሜ ነው፣ ማኑዋልህን እይ። የኋላ ጎማውን ከመሬት አንሳ፣ ሞተሩ ጠፍቶ አንደኛ ማርሽ አስገባ፣ ፍሪሲዮኑን ያዝና ጎማውን በእጅህ አዙር። ትንሽ ይዞ ይዞራል። ጭራሽ እምቢ ካለ አታስነሳው።

አሻራዎቹ ከነገርኩህ የተለዩ ከሆኑ ሁለቱንም ፊቷን በጎን ብርሃን ፎቶ አንሳና ላክልኝ፣ ከቤቱ ጀርባ ፎቶ ጋር። ሞዴሉንና ዓመቱንም አትርሳ።